ማየትና መስማት ለተሳናት እህታችን አስተርጓሚ ስለመሆን

(አስኮ በተካሄደው ወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ ያደረገችው ንግግር)

ሁልጊዜ እዚህ ፊታችሁ የምቆመው የቁጠባና የብድር ሒሳብ ለማንበብ ስለሆነ፣ ዛሬም መዝገብ ይዤ የመጣሁ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። የዛሬው ሌላ ነው። ሊቀመንበራችን "ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፊው እያሉ የሚጠይቁሽን ሁሉ በአንድ ጊዜ መልሺላቸው" ስላለችኝ ነው። ከስምንት ወር ወዲህ ቅዳሜ የምጠፋው ትምህርት ላይ ነው። የምማረውም ማየትም መስማትም ለተሳናቸው ሰዎች አስተርጓሚና መሪ ሆኖ መሥራትን ነው። በመጨረሻ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለኝ። ገንዘብም ስለሚነካ ከወዲሁ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

ብርጭቆ ፋብሪካው አካባቢ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጠውን አባላችንን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ስሟን በመጽሔታችን እንዳላወጣው ጠይቃኛለች፣ እኔም አላወጣውም። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነው መስማት ያቆመችው። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገብታ በምልክት ቋንቋ ተማረች፤ አገባች፣ ወለደች፣ ባልቴትም ሆነች። ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ደግሞ ዓይኗ እየደከመ መጣ። ዛሬ የምትለየው ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። አሁን ከእሷ ጋር መነጋገር የሚፈልግ ሰው ምልክቱን የሚሠራው በእጇ ሥር ነው፤ እሷ እጇን በእጁ ላይ ጣል አድርጋ እንቅስቃሴውን እየዳሰሰች ትከተላለች። ባለሙያዎቹ ታክታይል ይሉታል።

ይህን ሲያደርግላት የኖረው ሌላ ማንም ሳይሆን ልጇ ነች። ስምንተኛ ክፍል ነች፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ገበያ ሲኬድ እሷ፣ ወረዳ ሲኬድ እሷ፣ ባንክ ሲኬድ እሷ፣ ለቅሶ ሲኬድም እሷ። ባለፈው ዓመት እናትየዋ ሆዷን ታማ ሐኪም ጋ ስትሄድም አብራት የገባችው ልጅቷ ነበረች። ሐኪሙ የማህፀን ዕጢ እንዳለባት፣ መወጣት እንዳለበትና ምንነቱ ገና እንደሚመረመር ተናገረ። ይህን ሁሉ በእናቷ እጅ ላይ ያኖረችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። "ማህፀን" የሚለውን ቃል በምልክት ስለማታውቀው ፊደል በፊደል ነው የነገረቻት። ደግነቱ ክፉ ዕጢ አልነበረም፤ ወጥቶላት እንደምታዩት ደህና ነች።

ከወራት በኋላ፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ የእኔም እጅ ጥቂት ጥቂት መናገር ሲጀምር፣ እንዲህ አለችኝ፦ "ልጄ ስለ እኔ ማወቅ የማይገባትን ሁሉ ታውቃለች። እኔ ግን ስለ እሷ የማውቀው ራሷ የነገረችኝን ብቻ ነው።" ትምህርቱን የጀመርኩት ለሙከራ ነበር፤ የቀጠልኩት ግን በዚህ ነገር ምክንያት ነው።

ስለ ጉዳዩ ጥቂት ልንገራችሁ። ብዙ ሰው "ማየትም መስማትም አይችልም" ሲባል ጭልም ያለ ጨለማና ፍጹም ዝምታ ይታየዋል። እንደዚያ የሆነም አለ፤ አብዛኛው ግን የተረፈ ጥቂት እይታ ወይም ጥቂት መስማት አለው። ችግሩ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን መውጫ መዝጋቱ ነው። ዓይነ ስውር በጆሮው ይመራል፣ መስማት የተሳነው በዓይኑ ይኖራል፤ ሁለቱም ለደከሙበት ሰው የሚቀረው መዳሰስ፣ ማሽተትና መቅመስ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳት ነው፣ በዓለም አቀፍ ደረጃም ተለይቶ ነው የሚታወቀው። የዓለም ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፌዴሬሽን በፈረንጆች 2018 ባወጣው ዘገባ፣ ከባድ የሆነው ዓይነት ከሕዝብ 0.2 በመቶ፣ ቀለል ያለው ደግሞ 2 በመቶ ገደማ እንደሚደርስ ገምቷል። በእኔ ቋንቋ ከ1,000 ሰው 2ቱ ማለት ነው። አስኮ ውስጥ በአንድ መንደር አንድ ሰው ከነቤተሰቡ ተዘግቶበት ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

አመጣጡም ብዙ ነው። እንደ እህታችን በማጅራት ገትር የሚመጣ አለ። እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ሩቤላ ይዟት ልጁ ከሁለቱም ጉዳት ጋር ሊወለድ ይችላል። በዘር የሚመጣ አሸር ሲንድሮም የሚባልም አለ፤ ልጁ መስማት ተስኖት ወይም ከፊል ብቻ እየሰማ ይወለዳል፣ ከዚያ በጉርምስናው ማታ ማታ ማየት ይቸግረዋል፣ ቀስ እያለ እይታው በቱቦ ውስጥ እንደማየት ይጠብበዋል። ዓይነ ስውር ሆኖ ኖሮ በእርጅና ጆሮው የሚደክምም አለ። ይህን የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። ለሥራው ወሳኝ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ መስማት የተሳነው ሰው ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ዓይነ ስውር የነበረው ግን አማርኛውን ጥንቅቅ አድርጎ ይናገራል፤ የሚያስፈልገው ብሬል ወይም በመዳፉ ላይ ፊደል የሚጽፍለት ሰው ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው አንድ ነገር ብቻ ተምሮ አይበቃውም።

መዳፍ ላይ ስለመጻፍ ካነሳሁ አይቀር፣ የእኛ ፊደል እዚያ ላይ አስቸጋሪም ደስ የሚልም ነው። ፈረንጅ 26 ፊደል ጽፎ ይገላገላል፣ እኛ 33ቱን በሰባት ስናበዛ 231 ነው። ደግነቱ መዳፍ ላይ ሦስቱን "ሀ" የሚለያይ ሰው የለም፤ የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬ ቢያዩኝ ግን ምን እንደሚሉ እግዜር ይወቅ። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ደግሞ የሚያምር ሥርዓት አለ። የእጁ ቅርፅ ዋናውን ፊደል ይናገራል፣ ግዕዝ ካዕብ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ያለውን የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ በደንብ ይዳሰሳል። ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተሠራ እስኪመስለኝ ድረስ ነው የወደድኩት። በብሬልም ተነባቢው በአንድ የስድስት ነጥብ ሳጥን፣ አናባቢው በሚቀጥለው ይጻፋል። እህታችን ብሬል ገና እየጀመረች ነው፤ ጣቷ ከእኔ ይበልጣል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በምልክት ቋንቋ ነው። በእጅ የሚነገር አማርኛ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። እኔ የምማረው ለሠራተኛ ሰው የሚመቸውን የቅዳሜውን ሥልጠና ነው፤ የሒሳብ ዲፕሎማዬ ይበቃኛል፣ ሌላ ዲግሪ አላማረኝም። በምልክት ቋንቋ ጥያቄ የሚታወቀው በቅንድብ ነው፣ ቁጣ የሚታወቀው በፊት ነው። ፊት ለማይታየው ሰው ያ ሁሉ በእጅ ላይ መውረድ አለበት። ስለዚህ የፊት ሥራን ወደ እጅ ማውረድ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚፈጅ ትምህርት ሆኖብናል።

ከዚያ ቀላል የሚመስለው ነገር ይመጣል፤ ሰውየው ጋ እንዴት ይቀረባል? ከኋላ መጥቶ መጎተት የለም። ክንዱን ወይም ትከሻውን ቀስ ብለህ ትነካለህ፣ እስኪያውቅህ ድረስ እጅህን አታነሳም፣ ከዚያ ማን እንደሆንክ ትናገራለህ። እህታችን ለእኔ የሰጠችኝ የመታወቂያ ምልክት አለ፤ ግራ እጄ ላይ ያለችው የልጅነት የእሳት ጠባሳ ናት፣ ስደርስ እሷን አስዳስሳታለሁ። ስንሄድ እኔ አልይዛትም፣ እሷ ነች ክርኔን የምትይዘው፤ እኔ ግማሽ እርምጃ እቀድማለሁ። ደረጃ ስንደርስ ቆም እላለሁ። ትቼያት ስሄድ "ሄድኩ" ሳልላት አልሄድም፤ እጇንም ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሳላሳርፍ አልለቃትም። ዝም ተብሎ ከተሄደባት ለአንድ ሰዓት ያህል ለባዶ ወንበር ልታወራ ትችላለች፣ ሰውም ደርሶበታል። የአስኮን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የተዘረጋ ሸቀጥ፣ በድንገት የሚገባ ባጃጅ። ቀይና ነጭ የተቀባ ዱላ ብታዩ ያዡ ማየትም መስማትም የተሳነው ነው፤ ክላክስ ማድረግ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አስተርጓሚው ሦስት ሥራ አለው፦ የሚነገረውን ይተረጉማል፣ የሚታየውን ይናገራል፣ በመንገድ ይመራል። የማይሠራው አራተኛ ነገር አለ፣ እሱም መወሰን ነው። ይህን ነገር እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ቶሎ ነው የወደድኩት። እኔ ወጪያችሁን እመዘግባለሁ እንጂ በምን እንደምታወጡት አልወስንም። ጥሩ መዝገብ የሚባለው ደስ የሚለውም የማይለውም የገባበት ነው። በትምህርቱም እንዲሁ ነው፤ ባለጉዳዩ ዓይንና ጆሮ ቢኖረው የሚያየውንና የሚሰማውን ሁሉ ታደርሳለህ። "ይህ አይጠቅማትም"፣ "ይህ ያሳዝናታል" ብሎ ማስቀረት የለም። በእኛ ቤት ወር ሲያልቅ ማጠቃለል ሙያ ነው፣ እዚያ ግን ማጠቃለል መስረቅ ነው ይላሉ አስተማሪያችን።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አብረን ተቀምጠን፣ ከጀርባችን ሁለት ሴቶች ስለ እሷ ማውራት ጀመሩ። ምስኪን፣ ምን ዕድል ነው፣ እግዜር ቢወስዳት ይሻል ነበር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ለክፋት አልነበረም፣ ከንፈር መምጠጥ ነው። እንደተነገረ በእጇ አስቀመጥኩት፣ በስተግራ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች መሆናቸውንም ጨመርኩ። እሷ ወደዚያ ዞር አለችና በምልክት መለሰች፤ እኔም ድምፅ ሰጠሁት፦ "እኔ ምስኪን ብሆን በርበሬዬ ምስኪን አይደለም፤ ኪሎውን ጠይቁኝ።" ለቅሶ ቤቱ ሳቀ። አንዷ በማግስቱ ሁለት ኪሎ ገዝታታለች። "ትጎዳለች" ብዬ ብውጠው ኖሮ ሁለት ኪሎ በርበሬም አይሸጥም፣ እሷም መልሷን አትመልስም ነበር።

ይህ ሥራ በሰው አገር ከበፊት ጀምሮ ሙያ ነው። ሄለን ኬለርን የማያውቅ የለም፤ በ19 ወሯ ታማ ዓይኗንም ጆሮዋንም ያጣች አሜሪካዊት ናት። አጠገቧ የነበረችውን አን ሱሊቫንን ግን ብዙ ሰው አያነሳትም። በፈረንጆች መጋቢት 1887 ስትመጣ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች፣ የራሷም ዓይን ደካማ ነበር፣ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተመርቃ በደመወዝ ተቀጥራ ነው የመጣችው። በኋላ ሄለን ኮሌጅ ስትገባ ክፍል ውስጥ አጠገቧ እየተቀመጠች ንግግሩን በመዳፏ ላይ በጣት ፊደል ትነግራት ነበር፤ ሄለን በ1904 ተመረቀች። በካናዳ ቶሮንቶ ጆርጅ ብራውን ኮሌጅ ይህንን ሙያ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ አድርጎ አስተምሯል። ልክ የእኔን ሒሳብ እንደሚያስተምሩት።

ወደ እኛ ቀረብ የምትለው ደግሞ ሀቤን ግርማ ናት። ቤተሰቦቿ ከዚሁ ከእኛ አካባቢ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ እሷ የተወለደችው ካሊፎርኒያ ነው። በፈረንጆች 2013 ከሐርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ስትመረቅ ማየትና መስማት የተሳናት የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። አነጋጋሪዋ በኪቦርድ ይጽፋል፣ እሷ በጣቷ ሥር ባለ የብሬል ማሳያ ታነባለች። በ2015 በዋይት ሐውስ ባደረገችው ንግግር፣ አያቷ ምሥራቅ አፍሪካ ሳሉ እንደ እሷ ላለው ታላቅ ወንድሟ ትምህርት ቤት ሲፈልጉ እንዲህ ያለ ልጅ አይማርም ተብለው እንደተመለሱ ተናግራለች። አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ልጆች፤ የተለያየው የገጠማቸው ትምህርት ቤት ነው።

እዚህም ባዶ ሜዳ አይደለም። ማየትና መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን በራሳቸው የሚመሩት ብሔራዊ ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ አላቸው። ሕግም አለ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው አካል ጉዳተኛው ሥራውን እንዲሠራ ወይም ሥልጠናውን እንዲከታተል ረዳት እንዲመድብ ያዛል። አገራችን በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ስለ ትምህርት በሚናገረው 24ኛ አንቀጹ ማየትም መስማትም የተሳናቸውን ልጆች ለይቶ ይጠራል። ከአዋጁ የምወደው ረዳት የሚለውን ነው። በጀት የሚይዝ ሰው "መደገፍ" የሚል ቃል ሲያይ በየት መደብ እንደሚያስገባው ይጨነቃል። "ረዳት መመደብ" ግን ደመወዝ ነው፣ የሒሳብ መደብ ያለው ነገር ነው።

"ያበላል ወይ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እስካሁን ያገኘሁት የጥቂት ሰዓት አበልና የትራንስፖርት ነው። ሒሳብ ሥራዬን አልለቅም። ግን በነጻ መሥራቱንም አልደግፍም፣ ይህን በግልጽ ልበል። በነጻ የሚሠራ ሰው ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይቀራል፤ ባለጉዳይዋም "ለምን ዘገየሽ" ለማለት አፍ አይኖራትም። የተከፈለውን ሰው ግን ታዝዘዋለች፣ ካልወደደችው ትለውጠዋለች። በየቤቱ በነጻ ሲሠራ የኖረው ሥራም የማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ታውቃላችሁ። የእናት፣ የእህት፣ የሴት ልጅ። ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሲያስተረጉም እኔ ገና አላየሁም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እህታችን የማኅበራችን አባል ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው። አንድም ወር ቁጠባዋን አሳልፋ አታውቅም፣ መዝገቡ ምስክር ነው። ስብሰባ ላይ ግን ተቀምጣ ትውላለች እንጂ ተሰብስባ አታውቅም። ልጅቷ ስትመጣ "ብድር ተሰጠ፣ ወለድ ተባለ" የሚል አንድ ሁለት ቃል ትነግራታለች፣ ልጅቷ ስትፈተን ደግሞ እሱም የለም። ብድር ጠይቃ የማታውቀው ለምን እንደሆነ በቅርቡ ጠየቅኳት። "ስለ ወለዱ ስትከራከሩ ምን እንዳላችሁ አላውቅም፤ የማላውቀውን ወረቀት በጣቴ አልፈርምም" አለች። ከእናንተ መካከል እንደዚህ ተጠንቅቆ የሚፈርም ቢበዛልኝ የእኔ ሥራ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ስለዚህ ከማኅበራዊ መዋጮው በወር 800 ብር ለስብሰባ አስተርጓሚ ይመደብ እላለሁ። ሁለት ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ እጅም አእምሮም ስለሚደክም በየሃያና በየሠላሳ ደቂቃው ይቀያየራሉ። ሁለቱም እኔ አይደለሁም። "አንቺ እያለሽ ለምን ሌላ ይከፈለዋል?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ ገንዘባችሁን የምመዘግብ ሰው ነኝ። የእሷን ብድር የሚያሰላውም፣ ስሌቱን በእጇ የሚነግራትም አንድ ሰው ከሆነ የሚቆጣጠረው ማን ነው? ገንዘብ የሚይዝና መዝገብ የሚይዝ ሰው እንዲለያይ ራሳችሁ በደንባችን አጽፋችኋል። ይህም ያው ነው። የእኔ እጅ ቢሳሳት፣ ቢዋሽም፣ እሷ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከውጭ የሠለጠኑ ሰዎች እንጠራለን። ከመካከላችን ሁለት ሰው አብሮኝ ቢማር ግን ከዓመት በኋላ የራሳችን ይኖሩናል። ዕድሜ አይጠየቅም፣ ትዕግሥት ይጠየቃል። ጥፍር አጭር መሆን አለበት፣ ቀለበት ይወልቃል፣ ሽቶ አይበዛም። እህታችን በሽታ ነው ሰው የምትለየው፤ ሁላችሁንም በምትቀቡት ቅባት ታውቃችኋለች፣ ማን ማን እንደሆናችሁ አልናገርም።

በውሳኔው ላይ እሷም ዛሬ ድምፅ ትሰጣለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልኩትን ሁሉ እዚያ ጥግ የተቀመጡት ሁለት እንግዶቻችን እየተቀያየሩ በእጇ ሲነግሯት ነበር። ስለ ሽቶው ስናገር ስትስቅ ያየኋት መሰለኝ።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን አንድ ነገር እናድርግ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ሁለት ሁኑና ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዳችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ መዳፋችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ሌላዋ በአመልካች ጣቷ ስሟን ትጻፍ፤ ቀስ ብላ፣ ትልቅ አድርጋ፣ አንዱን ፊደል በሌላው ላይ ሳትደራርብ። አንዱ ፊደል ሲያልቅ መዳፉን በእጃችሁ ጠራርጉት፣ ሰሌዳ እንደምትጠርጉት። የገባት ጣቷን ታጥፋለች፣ ያልገባት ታወዛውዛለች። እትዬ፣ እርስዎም ከኋላ ወደዚህ ይምጡ፣ ከእኔ ጋር ይሆናሉ።